«ወንድሜ ነው፣ ችግር የለም»፦ የረጅም ጊዜ ደንበኞች ውል ላይ የማያቸው ስህተቶች

ባለፈው ወር አንድ ሰው ፌስታል ይዞ ቢሮዬ መጣ። ፌስታሉ ውስጥ የ11 ዓመት ደረሰኝ፣ የባንክ ስሊፕ እና አንድ ገጽ ተኩል ውል አለ። ለአንድ ፋብሪካ ካርቶን ያቀርብ ነበር። ፋብሪካው ደውሎ «ከሰኞ ጀምሮ አንፈልግም» አለው። ውሉን አነበብኩት። የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ጭነት ብቻ ነው። የቀረው 11 ዓመት በስልክ፣ በማኪያቶ እና በ«እሺ፣ ችግር የለም» ነው የተሠራው።

ይህን ፌስታል በተለያየ ሰው እጅ ስንት ጊዜ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ ትንሽ ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ ቻሉኝ።

ውል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ታክሲ ተሳፍራችሁ፣ ከፍላችሁ ስትወርዱ ከሾፌሩ ጋር ያላችሁ ነገር አበቃ። ለአንድ ሆቴል አሥር ዓመት ሽንኩርት ስታቀርቡ ግን ነገሩ ትዳር ይመስላል፤ ዋጋ ይወጣል ይወርዳል፣ አንዱ ይታመማል፣ አንዱ ይታገሣል፣ ሂሳቡ ደግሞ መቼም ሙሉ ለሙሉ አይዘጋም። ኢያን ማክኒል የሚባል አሜሪካዊ የሕግ ምሁር ይህን ልዩነት ሲያስተምር ነው የኖረው። (ሰውየው በስኮትላንድ የማክኒል ጎሳ አለቃም ነበር፤ ስለ ዝምድና ቢያውቅ አይገርምም።) ስቱዋርት ማኮሌ ደግሞ በ1963 እ.ኤ.አ. የዊስኮንሲን ነጋዴዎችን ጠያይቆ የጻፈውን መርካቶ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው ያውቀዋል። ነጋዴ ችግር ሲገጥመው ውሉን ከመሳቢያ አያወጣም፣ ስልክ ያነሳል።

እኔም ስልክ አንሱ ነው የምለው። ግን ስልኩ የማይነሳበት ቀንም ይመጣል።

«ስንት ዓመት አብረን የሠራን ሰዎች!»

ዓመት ብቻውን ውል አይሆንም። እንግሊዝ አገር ቤርድ የሚባል አምራች ለማርክስ ኤንድ ስፔንሰር 30 ዓመት ያህል ልብስ ሲያቀርብ ኖረ። በ1999 እ.ኤ.አ. ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር ድንገት «ከዚህ ወቅት በኋላ በቃን» አለ። ቤርድ «ቢያንስ የሦስት ዓመት ማስጠንቀቂያ ይገባኝ ነበር» ብሎ ከሰሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2001 አልተቀበለውም። በየወቅቱ ትዕዛዝ አለ፣ ሁሉንም የሚያስተሳስር ውል ግን የለም፤ ማን ምን ያህል የመግዛት ግዴታ እንዳለበትም በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም ተባለ። 30 ዓመት!

እኛ አገር በሩ ትንሽ ገርበብ ይላል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1821 ጀምሮ ጊዜው ያልተወሰነ ውልን አንዱ ወገን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊያቋርጥ እንደሚችል ይናገራል። የማስጠንቀቂያው ጊዜ ካልተጻፈ ልማድ ይታያል፣ ልማድ ከሌለ ተገቢ የሆነ ጊዜ። ታዲያ የእኔ ካርቶን አቅራቢ ለዚያ ፋብሪካ ልክ ብቻ የሚሆን ማሽን ገዝቷል። ለእሱ «ተገቢ» ማለት አንድ ዓመት ነው፤ ለፋብሪካው አንድ ሳምንት። ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ተከታታይ ውል እንጂ የተበታተነ ትዕዛዝ እንዳልነበረ ማስረዳት አለበት። «ለማቋረጥ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል» የምትል አንድ መስመር ከዚህ ሁሉ ታድነው ነበር።

«ዋጋው የተቆረጠ ነው»

እዚህ ላይ ነው ጨጓራዬ የሚነሳው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በዚያው ዕለት 74ን አለፈ፤ በሳምንታት ውስጥ 100ን ዘለለ። ያን ክረምት ስልኬ አላረፈም። የሁለት ዓመት፣ የሦስት ዓመት አቅርቦት በተቆረጠ ዋጋ የፈረሙ ሰዎች ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ «ፍርድ ቤት ያስተካክልልኛል አይደል?»

አያስተካክልም! ቁጥር 1763ን አንብቡት፤ አጭር ነው። ሁኔታው ተለውጦ ግዴታው ካሰባችሁት በላይ ቢከብዳችሁም ውሉ እንደጸና ይቆያል ነው የሚለው። ቀጥሎ ያለው 1764 ደግሞ ይህን ማስተካከል የሚችሉት ተዋዋዮቹ ራሳቸው፣ በአዲስ ስምምነት እንደሆነ ይናገራል። «ከአቅም በላይ ነው» የሚለውም አያዋጣም። 1794 የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ወይም መቀነስ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት እንዳልሆነ በግልጽ ጽፎታል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፣ ተደብቆ አያውቅም።

ትንሽ ያነበቡት 1766ን ይዘው ይመጣሉ። ቆንጆ አንቀጽ ናት፣ እወዳታለሁ። በተዋዋዮች መካከል የቤተሰብ ወይም ሌላ ልዩ ግንኙነት ኖሮ በርትዕ (በሚዛናዊ ፍትሕ) እንዲተሳሰቡ የሚያስገድዳቸው ከሆነ ዳኛው ውሉን ሊለውጥ ይችላል ትላለች። ማክኒል አይቷት ቢሆን ደስ ይለው ነበር። ግን «ሊለውጥ ይችላል» ነው፣ «ይለውጣል» አይደለም። ልዩ ግንኙነት መኖሩንም እናንተ ናችሁ የምታስረዱት። ያ «ወንድሜ» ስትሉት የኖራችሁት ሰው ችሎት ላይ ቆሞ «ደንበኛዬ ነው እንጂ ምኔ ነው?» ሲል ያየሁትን ፊት አልረሳውም። ሁለቱ ክርስትና የተነሳሱ ሰዎች ነበሩ።

ቀመር ጽፈናል ብላችሁም አትዝናኑ። አልኮዋ የሚባለው የአሜሪካ አሉሚኒየም ኩባንያ በ1967 እ.ኤ.አ. ኤሴክስ ከሚባል ኩባንያ ጋር የረጅም ጊዜ ውል ሲዋዋል የዋጋ ቀመሩን በማውጣት አለን ግሪንስፓን ራሱ ረድቷል፣ በኋላ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀ መንበር የሆነው ሰው። ቀመሩ ወጪውን ከኢንዱስትሪ ዕቃዎች የጅምላ ዋጋ ጋር አሰረው። ከዚያ ነዳጅ ተወደደ፣ ኤሌክትሪክ ከቀመሩ አምልጦ ሮጠ፣ አልኮዋም ውሉ እስኪያልቅ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ እከስራለሁ ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1980 ዳኛው ዋጋውን ራሱ ቀይሮ ጻፈለት። የሕግ ሰዎች እስካሁን ይነታረኩበታል፤ ጉዳዩም ይግባኝ ላይ እያለ በስምምነት አለቀ። እንዲህ ያለ ዳኛ ይገጥመኛል ብሎ መፈረም ሎተሪ ቆርጦ ቤት መሥራት መጀመር ነው።

ምን ይጻፍ? ዋጋው በየሦስት ወሩ ይታያል በሉ። የትኛው ወጪ በምን ያህል ሲለወጥ እንደምትቀመጡ ጻፉ፤ ለምሳሌ የወረቀት ጥቅል ዋጋ ከ10 በመቶ በላይ ሲንቀሳቀስ። እየተነጋገራችሁ ሳለ ዕቃው በየትኛው ዋጋ እንደሚቀጥል ጻፉ፤ ይህችን ሁሉም ነው የሚረሳት፣ ጠቡም የሚነሳው እዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ካልተስማማችሁ ዋጋውን የሚያስተካክል ሦስተኛ ሰው ከአሁኑ ሰይሙ። 1764 ይህን ይፈቅዳል። ሰዉ ግን አይጠቀምበትም፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ከኢንተርኔት የወረደ ውል፣ ወይም የእኔው ኃጢአት

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለአንድ አስመጪ የአከፋፋይ ውል አዘጋጀሁ። 38 ገጽ። ለእያንዳንዱ የዘገየ ቀን መቀጮ፣ ለእያንዳንዱ የተቀደደ ካርቶን መቀጮ። ኩራቴ ሌላ ነበር። አከፋፋዩ የደሴ ሽማግሌ ናቸው፣ ከአስመጪው ጋር 14 ዓመት ሠርተዋል። መነጽራቸውን አድርገው እስከ ሰባተኛው ገጽ አነበቡና «ልጄ፣ ሰውዬህ እኔን ሌባ ነህ ብሎሃል?» አሉኝ። አልፈረሙም። በዓመቱ የተፎካካሪው አከፋፋይ ሆኑ።

መቀጮ አትጻፉ እያልኩ አይደለም። ግን የረጅም ጊዜ ውል ትልቁ ሥራው ሁለቱ ሰዎች የሚነጋገሩበትን ሥርዓት ማስቀመጥ ነው። ማን ለማን፣ በስንት ቀን፣ ምን መረጃ ይሰጣል? የሽያጭ ዕቅድ ሲቀየር ማን ቀድሞ ይናገራል? ያን 38 ገጽ ዛሬ ብጽፈው ስድስት አይሞላም።

በቴሌግራም የተሻሻለ ውል

በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ ያስገደደው ወይም እናንተው የተስማማችሁበት ውል ሲሻሻልም በዚያው ፎርም ነው፤ ቁጥር 1722። በጽሑፍ ማለት ደግሞ በ1727 መሠረት ፊርማ እና ሁለት ምስክር ማለት ነው። አውራ ጣት ወደ ላይ የቆመችበት ስቲከር ፊርማ አይደለችም። የተስማማችሁትን በየሦስት ወሩ ሰብስባችሁ አንድ ገጽ አድርጉና ፈርሙ።

ሦስት ዓመት ዝም ብሎ በአራተኛው መፈንዳት

ውሉ «ክፍያ በ30 ቀን» ይላል። ገዢው በ75 ቀን ነው የሚከፍለው፣ ሻጩም ሦስት ዓመት ሙሉ ይቀበላል። አንድ ቀን በሌላ ነገር ይናደድና «ውሉን ጥሰሃል፣ ሰርዤዋለሁ» የሚል ደብዳቤ ያስጽፈኛል። ቆይ እንጂ! ሕጉ ውል በቅን ልቦና፣ በተዋዋዮቹ መካከል ሊኖር የሚገባውን ታማኝነትና መተማመን እያየ፣ እንደ ንግዱ ልማድ ይተረጎማል ይላል፤ 1732። ቃሉ አሻሚ ሲሆን ደግሞ ከውሉ በፊትም በኋላም የነበራችሁ አኳኋን ይታያል። «30 ቀን» ግልጽ ነው፣ ዳኛው ከግልጽ ቃል መውጣት የለበትም ትሉኝ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። ግን ይሰረዝ አይሰረዝ የሚለውን ሲወስን የሁለታችሁን ጥቅምና ቅን ልቦናን ይመዝናል፣ የሦስት ዓመት ዝምታችሁም ሚዛኑ ላይ ይወጣል። ስትታገሡ ጻፉት፦ «ለዚህ ወር ብቻ ታግሠናል፤ ከመጪው ወር በ30 ቀን እንጠብቃለን»። ደግ መሆናችሁን አትተዉ፣ ደግነታችሁ ላይ ቀን ጻፉበት።

«በሽማግሌ ይታያል»

ይህን ሐረግ የፈለሰፈውን ሰው ባገኘው ቡና ጋብዤ አንድ ሰዓት እቆጣው ነበር። ሽማግሌው አስታራቂ ነው ወይስ ዳኛ? ዕርቅ ከሆነ አለመስማማት ትችላላችሁ። የግልግል ዳኝነት ከሆነ ውሳኔው ያስራችኋል። ለሁለቱም የወጣ ሕግ አለ፤ የግልግል ዳኝነት እና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013። ውላችሁ የትኛው እንደሆነ ካልተናገረ ግን የመጀመሪያው ክርክር «ሽማግሌ ማለት ምን ማለት ነው?» የሚል ይሆናል። እንዲህ ያለ ክርክር ላይ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ቆይቻለሁ። ሽንኩርቱ በስብሶ አልቋል። መጀመሪያ ኃላፊዎቹ በአምስት ቀን ይገናኙ፣ ካልሆነ ስሙ የተጻፈ አስታራቂ በ30 ቀን ይሞክር፣ ካልሆነ ግልግል ወይም ፍርድ ቤት። ሦስት መስመር ነው።

በአንድ ሰው ትከሻ የቆመ ግንኙነት

የግዢ ኃላፊው ሲቀየር ቃሉም አብሮት ይሄዳል። ሌላ የምለው የለኝም።

ካርቶን አቅራቢው ክስ ፈልጎ ነበር የመጣው። መጀመሪያ እንዲደውል አደረግኩት፣ ከጎኑ ተቀምጬ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ስለ ማሽኑ ጨርሶ አያውቅም። ሁለት ጊዜ ተገናኘን። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ የአንድ ዓመት መሸጋገሪያ ውል ረቂቅ አለ፣ አምስት ገጽ፣ የዋጋ ግምገማ በየሦስት ወሩ። ትናንት ካርቶን አቅራቢው አንብቦ አንድ ነገር ብቻ እንድቀይር ጠየቀኝ። የመጀመሪያው የግምገማ ቀን ከፋብሪካው ሒሳብ ሹም ልጅ ሠርግ ጋር ስለሚጋጭ በአንድ ሳምንት ይገፋልኝ አለ። ሚዜዎቹን የሚያመላልሰው የእሱ መኪና ነው።