ክራርና ኪቦርድ አንድ መድረክ ላይ ሲወጡ፤ ጅማ ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ቤዝ ጊታር መጫወት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ክራርን፣ ማሲንቆንና ከበሮን ከጊታርና ከሳክስፎን ጋር የሚያገናኙ ልጆች ሲበዙ ደስ ይለኛል። ግን ያው ስህተት በየሰርጉና በየዝግጅቱ ሲደገም እያየሁ ዝም ማለት አቃተኝ።

ትልቁ የኮርድ፣ ማለትም ብዙ ድምፆችን አንድ ላይ የመምታት ነገር ነው። ጊታሪስቱ የትዝታ ቅኝት (ዜማው የሚመላለስባቸው አምስት ድምፆች) ሲባል በለመዳቸው ሦስት ኮርዶች ይሞላዋል፤ ዶ፣ ፋ፣ ሶል ሰቨን። ትዝታ ሜጀር እኮ ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፋ የለውም፣ ሲም የለውም። የፋ ኮርድ ሲመታ ፋ ገባ፤ ሶል ሰቨን ሲመታ ሁለቱም ገቡ። ዘፋኙ ትዝታ ያንጎራጉራል፣ ከሥሩ ሌላ ዘፈን ይሄዳል። አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት ላይማ ይብሳል! ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ፤ ፍላት ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። እዚህ ላይ የዶ ሜጀር ኮርድ የሚመታ ሰው ሚንና ሶልን ከየት አመጣቸው?

ኮርድ ሐራም ነው አላልኩም። እዚሁ ጅማ በ1936 ዓ.ም. የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ዌልስ፣ ለንደንና ቦስተን ተምሮ ነው ኢትዮ ጃዝን ይዞልን የመጣው። የቅኝታችንን አምስት ድምፅ ከምዕራባውያኑ አስራ ሁለት ጋር ሲያገናኝ ግን የሚያደርገውን አውቆ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ኮርዱን ለጊዜው ተዉት። ቤዙ የቅኝቱን ድምፆች ብቻ ይያዝ፣ ጊታሩም የክራሩን አመታት ይከተል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ከተለማመዳችሁ፣ ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ድምፅ ሲገባ ጆሯችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

እኔም ለዓመታት ይህንኑ አደርግ ነበር። ያስተዉኝ ማሲንቆ የሚጫወቱ አንድ አባት ናቸው። ልምምድ መሀል ምንም ሳይናገሩ ማሲንቋቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኙት። ቤዙን ሳቆም መልሰው አነሱት።

ቀጥሎ ትራንስፖዝ፣ ማለትም ዘፈኑን ወደ ሌላ መነሻ ድምፅ ማዛወር። ዘፋኙ ድምፁ አልደርስ ሲለው ኪቦርዲስቱ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርገዋል። ክራር እንዲህ ያለ ቁልፍ የለውም! አንድ ሰርግ ላይ ክራር መቺያችን ስድስቱን ክር አንድ በአንድ ሲያላላ፣ ጆሮውን ክራሩ ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ፣ ሙሽሮቹ ለጭፈራ እንደተነሱ ቆመው ጠበቁት። ላቡ በክራሩ ቆዳ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ስለዚህ ከየት ድምፅ እንደምትነሱ ልምምድ ላይ ወስኑ። መድረክ ላይ አይነካም። የዘፈኖቹንም ተራ በቅኝት ሰብስቡት፤ ትዝታዎቹ አንድ ላይ፣ በባቲ ቅኝት ያሉት አንድ ላይ። ሁለተኛ ክራር ካላችሁ ደግሞ በሌላ ቅኝት ቃኝታችሁ አጠገብ አስቀምጡት።

ከበሮውን አትርሱ። የጅማ ክረምት ረጅም ነው፣ ርጥበት ቆዳ ያላላል። ፀሐይ ካለ ፀሐይ፣ ከሌለ ከከሰል ምድጃ ራቅ አድርጋችሁ አሙቁት።

ማሲንቆን ከድራም አጠገብ አታስቀምጡ።

ከውጭ የመጣ ድራመር ችክችካ የሚባለውን የጭፈራ ምታችንን እንደ ዋልስ ጭፈራ ሦስት ሦስት እየቆጠረ ቢያስቸግራችሁ አትጨቃጨቁት። በኖታ አጻጻፍ ምቱን ስድስት ስምንተኛ ብላችሁ ወረቀት ላይ ብትጽፉለትም ብዙ አይረዳውም። ይነሳና ከሰው ጋር ይጨፍር። እግሩ የት እንደሚያርፍ ሲገባው እጁ ይከተላል። ደግሞ ታገሱት፤ እኛም ስዊንግ የሚባለውን የእነሱን የጃዝ ምት ስንጀምር እንዲሁ ነበርን።

የመጨረሻው ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። እዚህ ጅማ የአፋን ኦሮሞ ዘፈን ሳይነካ የሚዘጋጅ ባንድ የለም ማለት ይቻላል። ቋንቋውን የማያውቅ አቀናባሪ ዜማውን ለሳክስፎን እንዲመች ይጎትተዋል። በአፋን ኦሮሞ ግን አናባቢ ሲረዝም ትርጉም ይለወጣል። «ለገ» ወንዝ ነው፤ ጎትታችሁ «ላጋ» ስትሉት ላንቃ ይሆናል። ዘፋኟ ስለ ወንዝ ማዶ ፍቅሯ እያዜመች፣ ከፊት የተቀመጡት እናቶች እርስ በርስ ሲተያዩ አይቻለሁ። ግጥሙን መጀመሪያ ያለ ዜማ አስነብቡ። ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ሰው አጠገባችሁ ቆሞ ይስማ። ካልገጠመ የሳክስፎኑ ዜማ ይጠር፣ ቃሉ እንዳለ ይቆይ።