የኬብሉን አፍ ሳታዩ አትግፉ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባሉት ሆቴሎች ሥልጠናና ስብሰባ አይታጣም። ለዚህም ነው የጥገና ጠረጴዛዬ ላይ ፒኑ የተጣመመ የቪጂኤ ኬብል የማይጠፋው። ቪጂኤ ምስልን ከኮምፒውተር ወደ ፕሮጀክተር የሚያደርስ ኬብል ነው፤ የሚሰካውም በሦስት ረድፍ 15 ቀዳዳ ባለው፣ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ በሆነው መሰኪያ ነው። አሠልጣኙ ይዘገያል፣ ተሳታፊው ይጠብቃል፣ ኬብሉ በጥድፊያ ተገልብጦ ይያዛል፤ አልገባ ሲል ደግሞ በጉልበት ይገፋል። እባካችሁ አትግፉ! አንዱ ጎኑ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ የተደረገው እንዳትሳሳቱ ነው። ሰፊውን ከሰፊው ካገጠማችሁት ያለ ትግል ይገባል።

ባለፈው ክረምት አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያቀርብ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ፕሮጀክተር ተሸክሞ መጣ። ነጩ ገጽ ሁሉ ቢጫ ሆኖበታል። ፕሮጀክተሩ ግን ጤነኛ ነበር። የተጣመመው የኬብሉ 3ኛ ፒን ነው፤ ሰማያዊውን ቀለም የሚያሻግረው እርሱ ስለሆነ ቢጫው ብቻ ቀርቷል። በወረንጦ ቀስ ብዬ አቀናሁለት፤ ልጁም በሰዓቱ ደረሰ።

ፒን ጎደለ ብላችሁ ግን ኬብሉን አትጣሉ። በብዙ የቪጂኤ ኬብሎች 9ኛው ፒን ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የለም። ጀማሪ ሳለሁ ይህን ባለማወቄ የአንድ ደንበኛን ደህና ኬብል አስጥያለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቪጂኤ ድምፅ አያስተላልፍም። ለድምፅ ሌላ ገመድ ያዙ።

ዲስፕሌይፖርት የተባለው የምስል ኬብል ሌላውን የምስል ኬብል፣ ኤችዲኤምአይን፣ ይመስላል፤ የሚለየው አንድ ጥጉ ብቻ መቆረጡ ነው። ብዙዎቹ መያዣ ስላላቸው ቁልፉን ሳትጫኑ አትንቀሉ።

ፍላሽ በኔትወርክ ኬብል ቀዳዳ ውስጥ የሚከቱም አሉ። ስፋቱ ስለሚቀራረብ ይገባል፤ ግን ይወላወላል፣ በውስጥ ያሉትን 8 ቀጫጭን ሽቦዎችም ያጣምማል።

የታይፕ ሲ አፍ አንድ ዓይነት ቢሆንም ሥራው ይለያያል። ምስል የማያወጣ መሰኪያ አለ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብልም አለ። ከሱቅ ሳትወጡ ስልካችሁን ከኮምፒውተር አገናኝታችሁ ፋይል ማለፉን ሞክሩ።

የላፕቶፕ ቻርጀር ጫፉ ስለገባ ብቻ አይሰካም። ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ የፖዘቲቭና የኔጋቲቩ ምልክትም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ቻርጀር ልትገዙ ስትመጡ ላፕቶፑንም ያዙት፤ ከሥሩ የተጻፈውን አብረን እናነበዋለን።