ተጓጉዞ የተተከለ አሮጌ ቶርኖ ሾጣጣ ሲቆርጥ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

አሮጌ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን) ገዝተው በቤት ወርክሾፓቸው የተከሉ ሰዎች የሚያነሱት ችግር በአብዛኛው አንድ ነው፦ ማሽኑ ሻጩ ዘንድ ሲሞከር ደህና ነበር፣ ቤት ገብቶ ከተተከለ በኋላ ግን ቀጥ ያለ ዘንግ አልቆርጥ አለ። ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት ይህንኑ ብልሽት ደጋግሜ ካስተካከልኩ በኋላ ነው። መቁረጫው ተስሎ በማዕከሉ ቁመት ልክ እንደታሰረ፣ ዘይቱ እንደተሞላና ቻኩ (ሥራውን ይዞ የሚያዞረው መንጋጋ) እንደጠበቀ አስቀድሞ ተረጋግጧል ብዬ እነሳለሁ።

ምልክት፦ በቻክ ብቻ ተይዞ የተቆረጠ ዘንግ ጫፉ ላይ ይወፍራል ወይም ይቀጥናል

ምክንያቱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የቤዱ፣ ማለትም ሌሎቹ ክፍሎች የሚያርፉበት ረጅም መሠረት፣ መጠማዘዝ ነው። ቤዱ ከባድ የካስት አይረን ሥራ ስለሆነ አይጣመምም የሚለው እምነት ብዙ ሰው አሳስቷል። እግሮቹ ወጣ ገባ ባለው ወለል ላይ አርፈው ቡሎኖቻቸው ሲጠብቁ ቤዱ የወለሉን ቅርጽ ይይዛል፤ በዓይን የማይታይ ጥምዘዛ በሥራው ላይ በግልጽ ይወጣል፣ ምክንያቱም መቁረጫው ከዘንጉ በ0.02 ሚሊ ሜትር ቢሸሽ ዲያሜትሩ በ0.04 ይወፍራል። ስለዚህ ሻጩ ዘንድ ደህና የነበረ ማሽን ቤት ገብቶ መበላሸቱ ተታለልኩ ለማለት አያበቃም። ማሽኑ ያው ነው፤ የተለወጠው ከሥሩ ያለው ወለል ነው።

መጀመሪያ መለካት ያስፈልጋል። ውፍረቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ዘንግ ከቻኩ 150 ሚሊ ሜትር ያህል አውጥቶ፣ በቴይልስቶክ (የሥራውን ነፃ ጫፍ በሚደግፈው ክፍል) ሳይደግፉ፣ መካከሉን ጥቂት ዝቅ አድርጎ መቁረጥና ሁለት ቀለበት መሰል ጉብታዎችን፣ አንዱን ለቻኩ ቀረብ አድርጎ፣ ሌላውን ጫፉ ላይ ማስቀረት ነው። ከዚያም በደንብ በተሳለ መቁረጫ፣ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት፣ የክሮስ ስላይዱን (መቁረጫውን ወደ ሥራው የሚያስጠጋውና የሚያርቀው ክፍል) እጀታ ሳይነኩ ሁለቱንም ጉብታዎች በአንድ ጉዞ መቁረጥና በማይክሮሜትር መለካት። እዚህ ላይ በካሊፐር የለካ ሰው ጊዜውን አባክኗል። በቀጭን ዘንግ የሞከረም እንዲሁ፤ ከቻኩ የወጣው ርዝመት እጥፍ ሲሆን ዘንጉ በመቁረጫው ግፊት 8 እጥፍ ይለመጣል፣ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ 16 እጥፍ፤ ስለዚህ ቀጭን ዘንግ ቤዱ ፍጹም ቀጥ ባለ ማሽን ላይ እንኳ ጫፉ ወፍሮ ይወጣል።

ልዩነት ከተገኘ በአንድ ሜትር 0.02 ሚሊ ሜትር የሚያሳይ የማሽን ውሃ ልክ ተፈልጎ በቤዱ አግድም መቀመጥ አለበት፤ መጀመሪያ በሄድስቶኩ (ቻኩን የሚያዞረው ክፍል) በኩል፣ ቀጥሎ አቅጣጫው ሳይዞር በቴይልስቶኩ በኩል። የግንበኛ ውሃ ልክ ለዚህ ሥራ አይበቃም። የሚፈለገው አረፋው መካከል ላይ እንዲሆን ሳይሆን በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ንባብ እንዲሰጥ ነው፤ በባሕር ላይ በሚወዛወዝ መርከብ ውስጥ ያለ ቶርኖ ቀጥ ያለ ዘንግ የሚቆርጠው ቤዱ ስላልተጠማዘዘ እንጂ ወለሉ ልክ ስለሆነ አይደለም።

ማስተካከያው የሚደረገው በቴይልስቶኩ በኩል ባሉት እግሮች ነው። የጫፉ ጉብታ ከወፈረ፣ ሠራተኛው በሚቆምበት በኩል ያለውን የቴይልስቶክ ጫፍ እግር ከፍ ማድረግ፤ ቤዱ ወደ ኋላ ሲያዘነብል መቁረጫው ወደ ዘንጉ ይጠጋል። የጫፉ ጉብታ ከቀጠነ ደግሞ የኋላውን እግር። 0.05 ሚሊ ሜትር ቀጭን ላሜራ ከእግሩ ሥር ማስገባት፣ ቡሎኑን ማጥበቅ፣ እንደገና መቁረጥና መለካት። ላሜራው ሲገባ ሳይሆን ቡሎኑ ከጠበቀ በኋላ የሚወጣው ልክ ብቻ ነው የሚታመነው። ውሃ ልኩ ወደ መፍትሄው ያቀርባል እንጂ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው የተቆረጠው ዘንግ ነው።

ከእግሩ ሥር እንጨት፣ ካርቶን ወይም የጎማ ቁራጭ መደረግ የለበትም። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ካርቶን በክብደቱ ሥር ቀስ እያለ ይጨመቃል። አንድ ሰው ማሽኑን ሦስት ጊዜ አስተካክሎ ሦስት ጊዜ ሲበላሽበት ጠርቶኝ ስሄድ ከአንዱ እግር ሥር የታጠፈ የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን አገኘሁ። አውጥቼ በላሜራ ስተካው በአንድ ከሰዓት ሥራው አለቀ፤ ያ ሰው ግን በዚያ መሀል አዲስ የስፒንድል (ቻኩ የሚታሰርበት ዋና ዘንግ) ኩሽኔታ ገዝቶ ነበር።

ከዚህ የባሰም አጋጥሞኛል። የአንድ ባለቤት ማሽን በ150 ሚሊ ሜትር ላይ 0.11 ሚሊ ሜትር ይሾጥጥ ነበር፤ ባለቤቱ ሄድስቶኩን ከቤዱ ጋር የሚያስሩትን ቡሎኖች ፈትቶ በመዶሻ እየመታ ዘንጉ እስኪስተካከል አዞረው። ልኩ ተገኘ፣ ነገር ግን ጠማማው ቤድ ባለበት ነበርና ማሽኑ ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር ሁሉም ነገር ፈረሰ፤ ሁለቱን ስህተቶች ለያይቼ ወደ ቦታቸው ለመመለስ ሁለት ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። ስለዚህ የቤዱ ጥምዘዛ ተለክቶ ሳይወገድ የሄድስቶኩ ቡሎኖች እንዳይነኩ። ቴይልስቶኩን ወደ ጎን በማሸሽ ሾጣጣውን ለመሸፈን የሚደረገው ሙከራም ያው ነው፤ በቻክ ብቻ የተያዘ ሥራ ከቴይልስቶኩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሾጣጣው የሚታየው ሥራው በቴይልስቶክ ሲደገፍ ብቻ ከሆነ ግን ጥፋቱ የቴይልስቶኩ መሸሽ ነው፤ በጎኑ ባሉት ቡሎኖች ይመለሳል።

ማሽኑ የተተከለው በእንጨት ጠረጴዛ ላይ ወይም በአዲስ ኮንክሪት ላይ ከሆነ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና መለካት ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ካሬጁ (መቁረጫውን ተሸክሞ በቤዱ ላይ የሚሄደው ክፍል) በቻኩ አጠገብ ይላላል፣ ወደ ቴይልስቶኩ ሲሄድ ይጠብቃል

ይህ በላሜራ አይድንም። ቶርኖ አብዛኛውን ዕድሜውን በቻኩ አካባቢ ስለሚሠራ ቤዱ እዚያ ላይ ተበልቷል፤ መፍትሄው ቤዱን እንደገና ማስሞረድ ነው፣ ዋጋውም ከማሽኑ ሊበልጥ ይችላል። መታወቅ ያለበት ከግዢ በፊት ነው፦ በቻኩ አጠገብ የካሬጁን ጂብ (ልልነቱን የሚያጠብቀው ስስ ብረት) ልክ እስኪይዝ አጥብቆ እስከ መጨረሻው መግፋት። መንገድ ላይ ከያዘ ቤዱ አልቋል። አዲስ ቀለም የተቀባ ማሽን ሲቀርብ ይህ ሙከራ ሳይደረግ ክፍያ እንዳይፈጸም፤ ቀለሙ ይህን ለመደበቅ ሲባል የተቀባ ብዙ ማሽን አይቻለሁ።

ምልክት፦ በአውቶማቲክ ጉዞ የተቆረጠው ገጽ በእኩል ርቀት ሞገድ ያወጣል

የሞገዱ ርቀት ከሊድ ስክሩ (ካሬጁን የሚነዳው ባለ ጥርስ ረጅም ዘንግ) አንድ ዙር ጉዞ ጋር እኩል ከሆነ ሊድ ስክሩ ተጣሟል፤ ብዙ ጊዜም ያጣመሙት አጓጓዦች ናቸው። ይህ በጣም የሚያናድድ ጥፋት ነው፣ ምክንያቱም አንድ ደቂቃ ጥንቃቄ ያስቀረው ነበር። የጭነት ቀበቶ ሊድ ስክሩን፣ የፊድ ዘንጉን (ለአውቶማቲክ ጉዞ የሚያገለግለውን) ወይም ስፒንድሉን ይዞ ፈጽሞ አይነሳም። ቀበቶው በቤዱ ሥር፣ ወደ ሄድስቶኩ ቀረብ ብሎ ይታሰራል፤ ሚዛኑ የሚስተካከለው ካሬጁንና ቴይልስቶኩን ወደ መጨረሻው ጫፍ ገፍቶ በማሰር ነው፤ ቀበቶው ሲወጠር ዘንጎቹን እንዳይጫን በመካከል እንጨት ይገባል። ቻኩን አስቀድሞ ማውረድ። ሞተሩ ከኋላ የተንጠለጠለ ከሆነ እሱንም ማውረድ፤ ቶርኖ ክብደቱ ላይኛው ክፍል ላይ ስለሆነ፣ ሞተሩም ወደ ኋላ ስለሚጎትተው፣ በቱቦ ላይ እየተንከባለለ ሲሄድ አንዱ እግር ትንሽ ጉድጓድ ቢያገኝ ይገለበጣል። መውደቅ የጀመረን ማሽን በእጅ ለመያዝ የሚሞክር ሰው እንዳይኖር አስቀድሞ ለሁሉም ይነገር። በድጅኖ የሚነሳው ከቤዱ እግር እንጂ ከእጀታ ወይም ከጊር ሳጥን ሽፋን አይደለም። የተጣመመውን ሊድ ስክር አውልቆ በሁለት ማረፊያ ላይ እያዞሩ በዳያል (ጥቃቅን ልዩነት በመርፌ በሚያሳይ መለኪያ) መለካትና ከፍተኛውን ነጥብ በፕሬስ ቀስ እያሉ መመለስ ይቻላል፤ ተሰክቶ እያለ የሚመታው ሰው ግን ማቀፊያዎቹንም ይሰብራል።

የቀሩት በአጭሩ

ስሪ ፌዝ ሞተር በተቃራኒ ከዞረ ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን ማቀያየር ነው፤ ይህን በስፒንድሉ ላይ ከመሞከር በፊት ግን እንደ ቡሎን በጥርስ ተጠምዝዞ የሚገጠም ቻክ መውለቅ አለበት፣ በተቃራኒ ሲዞር ተፈትቶ ይወድቃልና። በ220 ቮልት ሲንግል ፌዝ ኢንቨርተር (ሲንግል ፌዙን ወደ ስሪ ፌዝ በሚቀይር መሣሪያ) የሚሠራ ባለ 220/380 ሞተር የሽቦዎቹ አገናኝ ከስታር ወደ ዴልታ ካልተቀየረ ጉልበት አይኖረውም። የክሮስ ስላይዱ እጀታ ጥቂት በባዶ መዞሩ በራሱ ብልሽት አይደለም፤ ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ መምጣት ይበቃል። በኢንች ሊድ ስክሩ የሚሊ ሜትር ጥርስ ሲወጣ ልኩ ቀስ በቀስ የሚሸሽ ከሆነ ባለ 127 ጥርሱ ጊር ጠፍቷል፤ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በትክክል የሚለውጠው እሱ ነው፣ ስለዚህም ማሽኑ ሲገዛ የጊሮቹ ሣጥን ተከፍቶ ይቆጠር።