ድምሩ 1 ስለሆነ ብቻ አያልፍም

እዚህ ጅማ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ስታትስቲክስ አስጠናለሁ። ፈተና ሲቃረብ የማትቀር ጥያቄ አለች፦ «ይህ ፋንክሽን ትክክለኛ የፕሮባቢሊቲ ስርጭት ነው ወይ?» የምንቆጥረውን ነገር ኤክስ ካልነው፣ ስርጭት ማለት ኤክስ ለሚይዘው ለእያንዳንዱ ቁጥር የመከሰት ዕድሉን (ፕሮባቢሊቲውን) የሚሰጥ ነው፤ ትክክለኛ የሚሆነው ከዕድሎቹ አንዱም ከዜሮ በታች ካልሆነና ድምራቸው 1 ከሆነ ነው። ልጆቹ ካልኩሌተር አንስተው ቀጥታ ወደ ድምር ይሮጣሉ። እኔ ድምሩን መጨረሻ ላይ ነው የማሠራቸው።

መጀመሪያ ኤክስ የሚይዛቸውን ቁጥሮች እዩ። ከፈረንጅ አራዳ የሚነሳ ባጃጅ ከኋላ 0፣ 1፣ 2 ወይም 3 ሰው ይጭናል እንበል። ሁለት ሰው ተኩል ብሎ ነገር የለም፤ ስለዚህ ዲስክሪት (ተነጣጥሎ የሚቆጠር) ነው። ሚዛን ላይ የወጣ ቡና ግን 2 ኪሎም 2.37 ኪሎም ሊመዝን ይችላል። እሱ ሌላ ምዕራፍ ነው፤ በድምር ፋንታ ኢንተግራል ይመጣል።

ለባጃጁ (ኤክስ + 1) ÷ 10 የሚል ፋንክሽን ተሰጠን እንበል። (ቁጥሩ የኔ ፈጠራ ነው፤ ሾፌሮቹ እንዳይታዘቡኝ።) አንድ በአንድ ተክታችሁ ሰንጠረዥ ሥሩ። 0 ላይ 0.1፣ 1 ላይ 0.2፣ 2 ላይ 0.3፣ 3 ላይ 0.4። ከዜሮ በታች የወረደ የለም። ድምሩም 1። ያልፋል።

አሁን ደግሞ (ኤክስ − 1) ÷ 5ን ውሰዱ፤ ኤክስ ከ0 እስከ 4 ነው። ብትደምሩት ጥንቅቅ ያለ 1 ይመጣል። ግን 0 ላይ ያለውን እዩት፦ −0.2። አንድ ኔጌቲቭ ከተገኘ በቃ፣ መደመርም አያስፈልግም። 1 ላይ የሚመጣው 0 ግን ችግር የለበትም። ብዙ ልጆች እሱንም ሊጥሉት ይፈልጋሉ። «ከ1 የሚበልጥስ?» ለሚል፦ ኔጌቲቭ ከሌለና ድምሩ 1 ከሆነ፣ አንዱ ብቻውን ከ1 ሊበልጥ አይችልም።

ፈታኞች በጣም የሚወዷት ወጥመድ ኬ የሚባለውን ያልታወቀ ቁጥር ፈልጉ የምትለው ናት። 0 ላይ 4ኬ፣ 1 ላይ 5ኬ፣ 2 ላይ 10ኬ²። ድምሩን ከ1 ጋር እኩል ስናደርግ 10ኬ² + 9ኬ − 1 = 0 ይሆናል። ኬ ወይ 0.1 ወይ −1 ነው። ሁለቱም ድምሩን 1 ያደርጋሉ። −1ን ወደ ሰንጠረዡ መልሱት፦ 0 ላይ −4 ይሰጣል። ስለዚህ መልሱ 0.1 ብቻ ነው።

ማለቂያ የሌለው ሲሆን መነሻውን አትለፉት። (1/2)ን በኤክስ ፓወር፣ ኤክስ ከ1 ጀምሮ 2፣ 3 እያለ ከቀጠለ ድምሩ 1 ነው። ከ0 ከጀመረ 2 ይሆናል፤ ይወድቃል። ፋንክሽኑ ያው ነው፣ መነሻው ብቻ ተቀየረ።

ስትደምሩ ደግሞ ክፍልፋዩን እንዳለ ተዉት። ሦስት ጊዜ 1/3 ልክ 1 ነው። 0.33 ብላችሁ ካጠጋጋችሁት 0.99 ይመጣና ደህናውን ስርጭት ትጥሉታላችሁ።