ጥምቀት ላይ ፊት ሁሉ ለምን ጠቆረብኝ?

ባለፈው ጥምቀት ጃንሜዳ ሄጄ ከ200 በላይ ፎቶ አነሳሁ። ቤት ገብቼ ስከፍታቸው ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱ ሁሉ ጥቁር። እማዬ የራሷን አይታ «ምነው ልጄ፣ ከሰል አስመሰልከኝ እኮ» አለች።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሌንሱን ነው። ጠረግኩት፤ ለውጥ የለም። አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ ከ100 ወደ 400 አወጣሁት። ካሜራው አውቶማቲክ ላይ ስለነበር ሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) አፍጥኖ እዚያው ጨለማ መለሰኝ። ይቺ በጣም ነው ያናደደችኝ።

ጥፋቱ ለካ የብርሃን መለኪያው ነው። ካሜራ የሚያሰላው ያየው ሁሉ በአማካይ ግራጫ እንዲሆን ነው። ጥምቀት ላይ ደግሞ ፍሬሙ ነጭ በነጭ ነው፦ ነጠላ፣ ቀሚስ፣ የቄሶች ጥምጣም። «ኧረ ብርሃኑ በዛ» ይልና ይቀንሳል። ዳፋው የሚተርፈው ለፊት ነው።

መደመሪያና መቀነሻ ያለበትን ቁልፍ ተጭኜ ወደ ፕላስ 1 አወጣሁት። ለሙከራ እማዬን በዚያው ነጠላ በረንዳ ላይ አስቀመጥኳት። ፕላስ 1 ላይ የጉንጯ ወዝ ሳይቀር ቁልጭ አለ። ፕላስ 2 ላይ ግን የነጠላው ክር ጠፍቶ ነጭ ወረቀት መሰለ። ስለዚህ 1 ላይ ተውኩት።

የጃንሜዳዎቹን ግን በጄፔግ (ካሜራው ጨምቆ በሚያስቀምጠው ፋይል) ስላነሳኋቸው በደንብ ማዳን አልቻልኩም። አሁን የማነሳው በሮው (ካሜራው የያዘውን ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው ፋይል) ነው።

ደመራ ማታ ነገሩ ይገለበጣል። ዙሪያው ጨለማ ስለሆነ ካሜራው ብርሃን ይጨምርና እሳቱ ነጭ ይሆናል። ያኔ ማይነስ 1።

ስትጨርሱ ወደ ዜሮ መልሱት። እኔ ረስቼው የእህቴን ልጅ ልደት ግማሹን አንጥቼዋለሁ።