ዲስቶርሽን ስትዘፍኑ ጉሮሮ ለምን ይቃጠላል? ችግርና መፍትሄ

ዲስቶርሽን ማለት በሮክና በሜታል ዘፈን የሚሰማው፣ ሆን ተብሎ የሚሻከር ድምፅ ነው። ድምፅ ማሟሟቅ፣ ውኃ፣ እንቅልፍ፦ እነዚህን ታውቃላችሁ ብለን እንለፍ።

ምልክት፦ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ያስላል፣ ከጥቂት ስንኝ በኋላ ድምፅ ይጎረንናል

አብዛኛው ሰው የሚቸገረው በዚህ ነው፤ መንስኤውም ያው ነው፦ የአየር ብዛት። ዘፋኙ ቀረጻ ላይ የሰማውን ግዙፍ ድምፅ በጉልበት ሊደርስበት ይታገላል። የሰማው ግን ማይክ ተጠግቶ የተቀዳ፣ በኮምፕሬሰር (ከፍ ያለውንና ዝቅ ያለውን ድምፅ በሚያቀራርብ መሣሪያ) የታመቀ፣ ብዙ ጊዜም ደጋግሞ የተደረበ ድምፅ ነው። በትክክል የተሠራ ዲስቶርሽን ያለ ማይክ ሲሰማ እንደሚያስፈራው አይደለም፤ ከጮክ ያለ ንግግር ብዙም አይርቅም።

ሻካራነቱ በዋናነት መምጣት ያለበት ከድምፅ አውታሮች በላይ ካሉት ሐሰተኛ አውታሮች ነው። እውነተኞቹ ከሥር ኖታውን ይዘው ይርገበገባሉ፣ ሐሰተኞቹ ጠጋ ብለው ያሻክሩታል። አየር ሲበዛ እውነተኞቹ ግፊቱን ለመቋቋም ይጨመቃሉ፣ በኃይል ይጋጫሉ፣ ያብጣሉ። ያበጠ አውታር ደግሞ ለመንቀሳቀስ የበለጠ አየር ይፈልጋል፤ ዘፋኙም የበለጠ ይገፋል።

እንዲህ አስተካክሉት። በመካከለኛ ኖታ፣ በንግግር መጠን፣ «ኧ» እያላችሁ ንጹሕ ድምፅ ለ4 ሰከንድ ያዙ። አሁን ደክሟችሁ ወንበር ላይ ስትቀመጡ የሚያመልጣችሁን ሻካራ ማቃሰት ለ1 ሰከንድ ብቻ ጨምሩበትና ወደ ንጹሑ ተመለሱ። ፈተናው መመለሱ ላይ ነው። ንጹሑ ኖታ ወዲያው፣ በዚያው ከፍታ ከመጣ ደህና ነው። ዘግይቶ ወይም ትንፋሽ ቀላቅሎ ከመጣ እየተመቱ ያሉት እውነተኞቹ አውታሮች ናቸው፤ የዕለቱን ልምምድ አቁሙ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ከ10 ደቂቃ አትለፉ።

«ማቃጠሉ ይለመዳል» የሚል አስተማሪ ካጋጠማችሁ ተሰናበቱት። ሚንት ከረሜላ እየመጠጡ መቀጠልም ሕመሙን መደበቅ ነው እንጂ ጉዳቱን አያስቀርም። ከልምምድ በኋላ ማንሾካሾክ ደግሞ ዕረፍት አይደለም፤ ዝም በሉ።

ምልክት፦ ልምምድ ላይ ጥሩ፣ መድረክ ላይ ብልሽት

ጉሮሮን ከመውቀሳችሁ በፊት ሞኒተሩን (መድረክ ላይ የራሳችሁን ድምፅ የሚያሰማችሁን ስፒከር) እዩ። ራሱን የማይሰማ ዘፋኝ ይገፋል። ድምፃችሁን ሞኒተር ላይ አስጨምሩ፣ ማይኩን ከአፋችሁ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ እስኪሆን አቅርቡት። የማይኩን ጭንቅላት በእጅ መሸፈን ግን ለፎቶ ያምር ይሆናል እንጂ ድምፁን ያፍናል፣ ሞኒተሩንም ያስጮኸዋል። ያኔ የድምፅ ባለሙያው መጠኑን ይቀንሳል፣ እናንተም መልሳችሁ ትጮኻላችሁ።

ምልክት፦ ትንፋሽ ብቻ ይወጣል፣ ሻካራነት የለም

አየር ቀንሱ። አትጨምሩ!

ምልክት፦ ከፍ ያለ ኖታ ላይ ይቆረጣል

ያንን ኖታ በንጹሕ ድምፅ ሳትችሉት ማሻከር አይታሰብም።

ምልክት፦ ጠዋት ጠዋት ብቻ ይጎረንናል

የጨጓራ አሲድ ሌሊት ወደ ላይ እየተመለሰ ሊሆን ይችላል። እራት ከመኝታ 3 ሰዓት በፊት ይሁን።

ምልክት፦ በዘፈን መሐል ድምፅ በድንገት ጠፋ

አውታሩ ላይ ደም ፈስሶ ሊሆን ይችላል። ዘፈኑን አትጨርሱ፣ አታውሩ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ የጉሮሮ ሐኪም በካሜራ ይየው። አስፕሪን የደም መፍሰስን ስለሚያባብስ ለጉሮሮ ሕመም ብላችሁ አትዋጡ። በሐኪም ታዞላችሁ የምትወስዱት ከሆነ ግን ሳታማክሩ አታቋርጡ።

ቀስ ብሎ የመጣ መጎርነን ከ2 እስከ 3 ሳምንት ካልለቀቀም እንዲሁ ታዩ፤ ኖዱል (አውታር ላይ የሚወጣ ትንሽ እብጠት) በእንፋሎት አይጠፋም። ለተራ ድካም ግን ስትሮ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ ውስጥ ነክራችሁ፣ አረፋ እያወጣችሁ፣ በለስላሳ ድምፅ ከታች ወደ ላይ ለ5 ደቂቃ አንጎራጉሩ።