ዊንዶውስን ትቶ ሙሉ በሙሉ ነፃ ወደሆነ ሲስተም እንዴት ይገባል? (ዋይፋይ ሳያጡ)

ላፕቶፔን የገዛሁት ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ነው። ያገለገለ። ከነዊንዶውሱ፣ ከነክራኩ፣ ከነቫይረሱ። ፍላሽ በሰካሁ ቁጥር ፋይሎቼ ሾርትከት እየሆኑ አሰለቹኝና በዊንዶውስ ፋንታ ትሪስኬል የሚባል ሲስተም ጫንኩ።

ትሪስኬል መነሻው ስፔን፣ ጋሊሲያ ነው። የሚሠራው ኡቡንቱ ከሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ተነስቶ ነው፤ ልዩነቱ ኮዱ የተደበቀ ፕሮግራም አለመያዙ ነው። «ነፃ» ሲባል ዋጋው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፕሮግራመሩ ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የሚባለውን፣ ነፃ ሲስተም የመሥራት ፕሮጀክት ይፋ ሲያደርግ የፈለገው ነፃነቱን ነው፦ እንደልብ መጠቀም፣ ውስጡን ማየት፣ መቀየር፣ ለሌላው ማካፈል። ኡቡንቱ ለዋይፋይና ለግራፊክስ ሲል ዝግ ነገሮችን ይዞ ይመጣል። ትሪስኬል ግን ሊኑክስ-ሊብሬ በሚባል፣ ከዝግ ነገር በተጣራ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ነው የሚሠራው። ጣጣውም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው።

መጀመሪያ ፋይላችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ቀጥሎ ትሪስኬልን ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱ፤ ማሽናችሁ የቆየ ከሆነ ቀለል ያለው ትሪስኬል ሚኒ ይሻላችኋል። ዋናው ፋይል ከ2 ጊጋ በላይ ስለሆነ ሌሊት ማውረድ ይሻላል። መብራት ሄዶ መሃል ላይ ሊቋረጥ ስለሚችል፣ ሲያልቅ ቼክሰሙን (ፋይሉ ሳይጎድል መውረዱን የሚያሳየውን ቁጥር) ማመሳከር አትርሱ። ከዚያ ሩፎስ በሚባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ጻፉት። ሩፎስ ራሱ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ለዚህች ሥራ ክራክ የተደረገ ፕሮግራም የሚፈልግ ሰው ግን አይገባኝም።

ማሽኑን ስታስነሱ ኤፍ12ን ደጋግማችሁ ምቱ፤ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9ን። ፍላሹን ምረጡ። እምቢ ካለ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የራሱ ሴቲንግ) ገብታችሁ፣ ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡትን አጥፉ።

አሁን ቁሙ። «ኢንስታል» የሚለውን እንዳትነኩ። ሳይጫን ከፍላሹ ላይ የሚያስሞክረውን ምረጡና ዋይፋይ መሥራቱን እዩ።

እኔ ይህን ዘለልኩት። እሁድ ማታ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት በኢሜይል የሚላክ ሥራ ነበረብኝ። ዊንዶውሱን ጠርጌ ትሪስኬልን አስገባሁ። ደስ ብሎኝ ኔትወርክ ልፈልግ ስል የዋይፋይ ምልክቱ ራሱ የለም። የዋይፋይ ካርዴ ለካ ዝግ ፈርምዌር (ካርዱን ከውስጥ የሚያሠራው ትንሽ ፕሮግራም) ካልተሰጠው የማይነሳ ነው። ሰኞ ሲነጋ ደሴ ጉም ለብሳለች። ላፕቶፑን ታቅፌ፣ በሚኒባስ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ጓደኛዬ ቢሮ ሄድኩ፤ እሱ ጋ የኔትወርክ ገመድ አለ። ሥራውን ላክሁ። ጓደኛዬ ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየና «አንተ፣ ስልክህን በገመድ አትሰካውም ነበር?» አለኝ። በእጅ የያዙት ወርቅ ማለት ይሄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልካችሁን በቻርጅ ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙ። ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖት ያለበት ቦታ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» አለ፤ እሱን አብሩ። በቃ፣ ኢንተርኔት ገባ። የገመዱን ግንኙነት ሲስተሙ ራሱ ያውቀዋል፤ ዝግ ፈርምዌር አይጠይቅም። ብዙ ስልኮች ደግሞ ዋይፋይ ላይ ካሉ ያንኑ ዋይፋይ ያሻግራሉ፤ ዳታ አይበሉም።

ይህ ለጊዜው ነው። ለዘለቄታው ዝግ ፈርምዌር የማይጠይቅ አቴሮስ ኤአር9271 ቺፕ ያለው የዩኤስቢ ዋይፋይ ግዙ። እዚህ ላይ ካርቶኑን አትመኑ። ለምሳሌ ቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ደብሊውኤን722ኤን ቨርዥን 1 ይህ ቺፕ አለው፤ ከቨርዥን 2 ጀምሮ ግን ውስጡ ሌላ ነው። ቁጥሩ ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ሻጩ «ያው ነው» ይላችኋል። ያው አይደለም። ላፕቶፑን ከፍቶ ካርድ መቀየርም ይቻላል፤ ግን አንዳንድ ባዮስ የማያውቀውን ካርድ አይቀበልም። ሳታጣሩ እንዳትገዙ።

ከፍላሹ ላይ እያላችሁ ድምፁንና ፕሪንተሩንም ሞክሩ። የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ፤ እንደ ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 ያሉት በተከፈቱ ቁጥር ዝግ ፈርምዌር ከኮምፒውተሩ ይጠብቃሉ።

ሁሉም ከሠራ፣ መጫኑ ቀላል ነው፤ «ቀጥል» እያሉ መሄድ። ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ልጥረግ ወይስ ከዊንዶውስ ጎን ልግባ ሲላችሁ ግን አስቡበት። እኔ ጥረጉት ባይ ነኝ፤ ዊንዶውሱ ካለ በትንሽ ነገር ወደሱ መመለሳችሁ አይቀርም።

የቀረው አማርኛ ነው። ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ እሱን እርሱት። ከፕሮግራሞች ማውጫው የአይባስን (በተለያዩ ቋንቋዎች የሚያስጽፈውን ፕሮግራም) የኤም17ኤን ጥቅል ጫኑ፣ ከዚያ አይባስ ሴቲንግ ገብታችሁ አማርኛን ጨምሩ። አቢሲኒካ ፎንትንም አውርዱ። በዊንዶውሱ ኒያላ ፎንት የተጻፉ የድሮ ደብዳቤዎቻችሁ፣ በዎርድ ፋንታ በምትጠቀሙበት ሊብሬኦፊስ ላይ መስመራቸው ሊዛነፍ ይችላል፤ ፎንቱን ስትቀይሩ አብዛኛው ይስተካከላል። የአይባስ አማርኛ አጻጻፉ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በድምፅ ነው፣ ግን ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል። «ሴ» እንዲመጣ ከኤስ ቀጥሎ ኢን (E) ከሺፍት ጋር መምታት አለባችሁ። ይህን እስክደርስበት ድረስ ሳምንት ሙሉ አድራሻዬን «ደሰ» እያልኩ ስጽፍ ነበር።